የዳይኖሰሮች ጠብና የሊቃውንት ምርመራ

አንድ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ታሪክ ጸሐፊ የሚጠይቀው ማን ከማን ጋር ተዋጋ፣ በምን መሣሪያ ተዋጋ፣ ማንስ ድል ነሣ ብሎ ነው። የዐድዋን ጦርነት የሚጽፍ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ያገኛል፤ የዘመቱት አባቶች ለልጆቻቸው የተረኩትን ይሰማል፤ በቤተ መዘክር የተቀመጠውን ጠመንጃና ጋሻ በዐይኑ ያያል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንተርከው ጠብ ግን ጸሐፊም ምስክርም አልነበረውም። ተዋጊዎቹ ዳይኖሰሮች ናቸው፤ እነርሱም የአዕዋፍ አባቶች ከሆኑት ወገኖቻቸው በቀር ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከምድር ላይ ጠፍተዋል። የቀረልን አጥንታቸው ነው፤ አጥንቱም ድንጋይ ሆኗል።

ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያደረገን በዕረፍት ሰዓት በተማሪዎች መካከል ዘወትር የሚነሣው ክርክር ነው። «ከሁሉ ብርቱ የትኛው ነው?» ይባላል። አንዱ በፊልም ያየውን ይጠቅሳል፤ ሌላው ከሥዕል መጽሐፍ ያገኘውን ያመጣል፤ በመጨረሻም ድምፁ ከፍ ያለው ይረታል። በቀድሞ ዘመን በላ ልበልሃ እያለ የሚሟገት ሰው እንኳ ምስክሩን ሳይቈጥር አይረታም ነበር። ስለዚህ የሳይንስ ሊቃውንት ለዚህ ሙግት ምን ዐይነት ምስክር እንዳቀረቡ፣ ምስክሩንም በምን ሚዛን እንደ መዘኑት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስሕተት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በ1825 ጌዲዮን ማንቴል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኢጓኖዶን ብሎ የሰየመውን የጥንት አውሬ አስታወቀ። ከዚህ አውሬ አካል መካከል ቀንድ የሚመስል አንድ ሾጣጣ አጥንት ነበረ። ሊቃውንቱ አውራሪስን ያውቁ ነበርና ቀንድ ከሆነስ ቦታው አፍንጫ ላይ ነው አሉ። በ1842 ሪቻርድ ኦወን እነዚህን አራዊት በአንድ ወገን ሰብስቦ ዳይኖሰር፣ ማለት አስፈሪ እንሽላሊት፣ የሚል ስም አወጣላቸው። በ1854 በለንደን የክሪስታል ፓላስ መናፈሻ ታላላቅ ምስሎች በተሠሩ ጊዜ ኢጓኖዶን ቀንዱን በአፍንጫው ላይ ተክሎ ቆመ፤ ዛሬም እንደዚያው ቆሞ ይታያል። ነገር ግን በ1878 በቤልጅግ አገር በበርኒሳር ከሰል ቆፋሪዎች 322 ሜትር ጥልቀት ላይ የብዙ ኢጓኖዶኖችን አፅም አገኙ። ሉዊ ዶሎ የተባለው ሊቅ አፅሙን አገጣጥሞ ሲያጠና፣ ቀንድ የተባለው የእጁ አውራ ጣት እሾህ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ መሣሪያው የት እንደሚታጠቅ በርግጥ ሳይታወቅ ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ ማለት ነው። መሣሪያው የተቀመጠበትን ያላወቀ ሰው አመታቱን እንዴት ሊያውቅ ይችላል?

ከዚያ በኋላ የሠዓሊዎች ዘመን መጣ። ባርነም ብራውን በ1902 በአሜሪካ በሞንታና ግዛት አንድ ታላቅ ሥጋ በል ዳይኖሰር ቆፍሮ አወጣ፤ ሄንሪ ፌርፊልድ ኦዝቦርንም በ1905 ቲራኖሶረስ ሬክስ ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም የአምባገነኑ እንሽላሊት ንጉሥ ማለት ነው። ቻርልስ ናይት የተባለ ሠዓሊ ይህን አውሬ ሦስት ቀንድ ካለው ከትሪሴራቶፕስ ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ በቺካጎ በሚገኘው በፊልድ ቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ ሳለው። ሥዕሉ እጅግ ያምራል። ብዙ ሰዎች ስለ ዳይኖሰር ጠብ የሚያስቡት ሳያውቁት ከዚህ ሥዕል ተቀድቶ ነው። ሆኖም ሥዕል የሠዓሊው ሐሳብ ነው እንጂ ምስክር ሊባል አይገባውም።

እውነተኛው ምስክር የተገኘው በ1971 ነው። የፖላንድና የሞንጎልያ ሊቃውንት በአንድነት በጎቢ በረሓ ሲቆፍሩ ሁለት ዳይኖሰሮች እንደ ተያያዙ ሞተው አገኙ። አንደኛው ቬሎሲራፕተር የሚባለው ሥጋ በል ነው፤ ሁለተኛው ፕሮቶሴራቶፕስ የሚባለው፣ አፉ እንደ በቀቀን አፍ የተቈለመመ፣ ቅጠል በል ነው። የቬሎሲራፕተሩ የእግር ጥፍር በሌላው አንገት አጠገብ ተሰክቷል፤ የፕሮቶሴራቶፕሱም አፍ የጠላቱን ቀኝ ክንድ ነክሶ ይዟል። አሸዋ ድንገት ስለ ቀበራቸው ሳይላቀቁ ቀርተዋል። ስለ ዳይኖሰር ጠብ ከተገኘው ማስረጃ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም ማን ከማን ጋር እንደ ተዋጋ ለመገመት አያስፈልግም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ግኝት ከስንት አንዴ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ሊቃውንቱ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው። ያገኙትም መንገድ የኤንጂኒየሮች መንገድ ነው፤ መሣሪያውን አስመስሎ መሥራትና መፈተን።

በዚህ ረገድ ከሁሉ አስቀድመን የምናነሣው የነሐሱን ጥርስ ነው። በሞንታና የተገኘ አንድ የትሪሴራቶፕስ የዳሌ አጥንት ከ50 በላይ የጥርስ ምልክት ነበረበት። ግሪጎሪ ኤሪክሰን የተባለው ሊቅ ከምልክቱ ቅርጽ የነካሹን ማንነት አወቀ፤ ቲራኖሶረስ ነው። ቀጥሎ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ጥርሱ ያን ያህል ጠልቆ እንዲገባ ስንት ኀይል ያስፈልጋል? መልሱን ለማግኘት እርሱና ባልደረቦቹ የቲራኖሶረስን ጥርስ ቅርጽ ወስደው ከነሐስና ከአሉሚኒየም አንድ ጥርስ አስቀረጹ። የላም ዳሌ አጥንትም አመጡ፤ አሠራሩ ከትሪሴራቶፕሱ አጥንት ጋር ይቀራረባልና። ከዚያም ጥርሱን በመጫኛ መኪና ላይ አስረው፣ አጥንቱ ውስጥ ከጥንቱ ምልክት ጋር እኩል ጥልቀት ያለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ተጫኑት፤ መኪናውም የኀይሉን መጠን ቈጠረ። ውጤቱ በ1996 ታተመ፤ ከ6,410 እስከ 13,400 ኒውተን ሆነ።

ኒውተን የሚለውን መለኪያ በፊዚክስ ክፍል ያልተማሩ ወላጆቻችን እንዲረዱት፣ አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ ወደ ታች የሚጫንበት ኀይል 10 ኒውተን ያህል ነው። ስለዚህ 13,400 ኒውተን ማለት ከ13 ኩንታል የሚበልጥ እህል በአንዲት የጥርስ ጫፍ ላይ ቢጫን የሚሰማው ክብደት ነው። ይህም የአንድ ጥርስ ብቻ ነው።

በዚህ ፈተና ላይ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ያ ቲራኖሶረስ የሞተ ሥጋ ይበላ ነበር እንጂ ይዋጋ እንደ ነበር ምን ያሳያል? የሚበላ አውሬ ደግሞ ባለው ኀይል ሁሉ አይነክስም። ልክ ነው። ስለዚህ የነሐሱ ጥርስ የነገረን ትንሹን ወሰን ነው እንጂ ትልቁን አይደለም። ኤሪክሰን ለማመሳከር ወደ ሕያዋን አራዊት ሄደ፤ ዛሬ የሚኖሩትን 23ቱን የአዞ ዐይነቶች ሁሉ መለኪያ እያስነከሰ ንክሻቸውን ለካ። በ2012 ባወጣው ጽሑፍ መሠረት ከሁሉ የበለጠው የጨው ውሃ አዞ ሲሆን ኀይሉ 16,414 ኒውተን ነው። የጫሞ ሐይቅን አዞ ያየ ሰው ያን መለኪያ በአዞ አፍ ውስጥ ማስገባት ምን ዐይነት ሥራ እንደ ሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። በዚያው ዓመት ካርል ቤትስና ፒተር ፎኪንገም የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት የቲራኖሶረስን ራስ ቅል በኮምፒዩተር ውስጥ ሠርተው፣ ጡንቻ ተክለውበት፣ ከኋላ ጥርሶቹ በአንዱ ላይ ከ35,000 እስከ 57,000 ኒውተን ያወጣል አሉ። ኤሪክሰንና ፖል ጊግናክ ግን በ2017 በሌላ ስሌት የንክሻውን ኀይል ከ8,526 እስከ 34,522 ኒውተን አደረጉት። አንባቢ እንደሚያየው ቍጥሮቹ እጅግ ይራራቃሉ። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም፤ አጥንቱ ቢቀር ጡንቻው በስብሷል፤ ስንት ጡንቻ ነበረ ብሎ የሚገምተው ሊቁ ነው፤ ብዙ ጡንቻ ያለበሰው ብዙ ኀይል ያገኛል። በእኛ ፍርድ የነሐሱ ጥርስ ቍጥር ትንሽ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ የሚታመን ነው፤ ከአጥንት ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ አጥንት ቀዳዳ የተመለሰ ነውና።

የኮምፒዩተሩን መንገድ ግን አቃልለን ልናልፈው አንፈልግም። ድልድይ የሚሠሩ ኤንጂኒየሮች ድልድዩ የት ቦታ እንደሚሰበር አስቀድመው ለማወቅ፣ ሥዕሉን በኮምፒዩተር ወደ ብዙ ሺሕ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፋፍሉና እያንዳንዱ ክፍል የሚሸከመውን ጫና ያሰላሉ። ኤሚሊ ሬይፊልድ የተባለች እንግሊዛዊት ሊቅ ይህን ዘዴ ወደ አሎሶረስ ራስ ቅል አመጣችው። አሎሶረስ ከቲራኖሶረስ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ይቀድማል። ራስ ቅሉን ሲ.ቲ. በሚባለው፣ በሆስፒታል የሰውን አካል ሽንትር ሽንትር አድርጎ በሚያነሣው የራጅ መሣሪያ አስነሥታ ከነውስጡ ወደ ኮምፒዩተር አገባችው። በ2001 ያወጣችው ውጤት ሁሉን አስገረመ። የአሎሶረስ ንክሻ ደካማ ነው፤ ከ805 እስከ 2,148 ኒውተን ብቻ፣ ማለት ቢበዛ ከሁለት ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ። ራስ ቅሉ ግን ከ55,000 ኒውተን በላይ ሊሸከም ይችላል። አፉ ለሁለት ኩንታል፣ አጥንቱ ለኀምሳ አምስት ኩንታል! እንዲህ ያለ ትርፍ ጥንካሬ ለምን አስፈለገ? ሬይፊልድና ባልደረቦቿ አሎሶረስ የላይኛ መንጋጋውን እንደ መጥረቢያ ከላይ ወደ ታች እያወረደ ይመታ ነበር ብለው ገመቱ።

ይህ ግምት ተቃዋሚ አላጣም። በ2002 ፍራዜታና ካርዶንግ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት መጥረቢያውን ተጠራጠሩት፤ አጥንት ጠንካራ መሆኑ ብቻ ለዚያ ሥራ ተሠርቷል አያሰኝም አሉ። እኛም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ለመቆም እንደፍራለን። ጠንካራ በር ያለው ሰው ሁሉ ሌባ መጥቶበታል አይባልም፤ የሚታገል ሲሳይ የሚይዝ አውሬ ደግሞ በድንገተኛ መወራጨት ቅሉ እንዳይሰበር ትርፍ ጥንካሬ ያስፈልገዋል። የሆነው ሆኖ የሬይፊልድ ቍጥር አልተሻረም፤ የተጠየቀው ትርጓሜው ነው።

ስለ አሎሶረስ የተገኘ ሌላ ምስክር አለ፤ ይኸኛው ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። ኬኔት ካርፔንተርና ጓደኞቹ በ2005 እንደ ጻፉት፣ ከአንድ አሎሶረስ የጅራት አከርካሪ አጥንቶች መካከል አንዱ ተበስቷል። ቀዳዳው ከስቴጎሶረስ የጅራት እሾህ ጋር ይገጥማል። ስቴጎሶረስ በጀርባው ላይ ሰፋፊ የአጥንት ሰሌዳዎች፣ በጅራቱ ጫፍ ላይ አራት እሾሆች ያሉት ቅጠል በል ነው። ከዚህም ጋር 51 የሚሆኑ የጅራት እሾሆች ተመርምረው ከመቶ ዐሥር ያህሉ ጫፋቸው የተሰበረና የተጐዳ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ መሣሪያው ለጌጥ ብቻ የተሰቀለ ጐራዴ አልነበረም፤ ተመዝዟል።

አሁን ወደ ጥፍሩ እንሂድ። ጆን ኦስትረም በ1964 በሞንታና ያገኘው ዴይኖኒከስ የተባለው ዳይኖሰር በእያንዳንዱ እግሩ ሁለተኛ ጣት ላይ እንደ ማጭድ የተቈለመመ ታላቅ ጥፍር አለው፤ ኦስትረምም በ1969 ጽፎ ባወጣው ጊዜ፣ ይህ አውሬ በዚያ ጥፍር ሲሳዩን ይዘነጥል እንደ ነበር አመለከተ። ትንሹ ዘመዱ ቬሎሲራፕተርም እንደዚሁ ያለ ጥፍር አለው። በ1993 ጁራሲክ ፓርክ የተባለው ፊልም በወጣ ጊዜ ይህ ሐሳብ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ፤ ፊልሙ ቬሎሲራፕተርን ሰው የሚያህል አደረገው፤ እውነተኛው ግን ክብደቱ ከአንድ ፍየል አይበልጥም። የፊልሙ አውሬ በጥፍሩ ሆድ ይቀዳል። ይቻላልን? ፊሊፕ ማኒንግና ባልደረቦቹ ይህን ለመፈተን በውስጡ አሉሚኒየም ያለው፣ በላዩ ካርቦንና ኬቭላር በሚባሉ ብርቱ ጭረቶች የተለበጠ ጥፍር ሠሩ፤ በዘይት ግፊት በሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ እግር ላይም ተከሉት። ከዚያ የዐሣማና የአዞ ሬሳ አምጥተው አስመቱት። እግሩ በኀይል ወረደ፤ ጥፍሩም ሥጋ ውስጥ ገባ፤ ቀዳዳ ሠራ። ነገር ግን ሲጐትቱት አልቀደደም! የጥፍሩ የውስጥ ጠርዝ እንደ ቢላ የተሳለ ስላልሆነ ሥጋው እየተጠቀለለ ያዘው። በ2006 ባወጡት ጽሑፍ ይህ ጥፍር የመቅደጃ ቢላ ሳይሆን የመንጠልጠያ መንጠቆ ነው አሉ።

የዚህ ፈተና ደካማ ጐን ግልጥ ነው፤ ሰው ሠራሽ ጥፍር የሠሪውን ሐሳብ ይከተላል፤ በሕይወት ያለ ጥፍር ደግሞ በአጥንቱ ላይ ቀንዳማ ሽፋን አለው፤ ያ ሽፋን ምን ያህል የተሳለ እንደ ነበር ከአጥንቱ ብቻ አይታወቅም። ሆኖም ሁለተኛ ምስክር ከማይጠበቅ ስፍራ መጣ። በ2011 ዴንቨር ፋውለርና ጓደኞቹ የንስርንና የጭልፊትን እግር ከእነዚህ ዳይኖሰሮች እግር ጋር አመሳከሩ። ጭልፊት ጫጩት ሲነጥቅ ያየ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጥፍሩን የሚተክለው ሆድ ለመቅደድ አይደለም፤ በላዩ ቆሞ እንዳታመልጥ ለመጨበጥ ነው፤ የሚቀደደው በአፍ ነው። እነርሱም ዴይኖኒከስ እንዲሁ ያደርግ ነበር አሉ። የጎቢውን ቬሎሲራፕተር ስናስብ ጥፍሩ ተሰክቶ መቅረቱ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ከጅራት ጋር የተያያዘው ታሪክ ደግሞ እኛን ኢትዮጵያውያንን በስሙ ይጠራናል። ከ1909 እስከ 1913 የጀርመን ሊቃውንት ዛሬ ታንዛንያ በተባለችው አገር፣ ተንዳጉሩ በሚባል ኰረብታ፣ ብዙ የዳይኖሰር አጥንት ቈፍረው ወደ በርሊን ወሰዱ። ከነዚህም መካከል የስቴጎሶረስ ዘመድ የሆነውን አንዱን ኤድዊን ሄኒግ በ1915 ኬንትሮሶረስ ኤቲዮፒኩስ ብሎ ሰየመው። ከአገራችን የተገኘ ስለ ሆነ አይደለም፤ ጥንታውያን ግሪኮች ከግብፅ በታች ያለውን የጥቍር ሕዝብ አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ነበርና ስሙ ከዚያ ልማድ የወጣ ይመስለናል። ሃይንሪኽ ማሊሰን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የዚህን ስመ ሞክሼያችንን አፅም ወደ ኮምፒዩተር አግብቶ ጅራቱን አወዛወዘው። በ2011 እንዳስታወቀው፣ ጅራቱ ከጐን እስከ ጐን ግማሽ ክብ ይዞራል፤ የጫፉም ፍጥነት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በዚህ ፍጥነት የሚመጣ እሾህ ቆዳ ይዘነጥላል፤ የጐን አጥንትም ይሰብራል።

ከዚህም የፈጠነ ጅራት አለ ተብሎ ነበር። አፓቶሶረስ የተባለው አንገተ ረጅም ዳይኖሰር ጅራቱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። ናታን ማይርቮልድና ፊሊፕ ኩሪ በ1997 በኮምፒዩተር አስልተው የጅራቱ ጫፍ ከድምፅ ይፈጥናል፣ እንደ ጅራፍም ይጮኻል አሉ። የቡሄ ዕለት ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ በእጁ ያውቀዋል፤ ያ የጅራፍ ጩኸት የሚመጣው ጫፉ ከድምፅ ሲፈጥን ነውና። ማይርቮልድ ኋላ ከአሉሚኒየምና ከብረት የጅራቱን ሩብ የሚያህል ሞዴል አሠርቶ አስጮኸው። ይሁንና በ2022 ሲሞኔ ኮንቲና ባልደረቦቹ ያልተጠየቀውን ጠየቁ፤ ሥጋው ይችለዋልን? ጅራፍ ቢበጠስ ሌላ ይገመዳል፤ ቆዳና ጅማት ግን ከተበጠሰ ተበጠሰ። ስሌታቸው የጅራቱን ፍጥነት በሴኮንድ 30 ሜትር ያህል ላይ አቆመው፤ ድምፅ ደግሞ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጩኸቱ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ይህን ስናነብ ጥቂት አዝነናል።

በራሳቸው ይጋጩ ስለ ነበሩት ዳይኖሰሮች የተደረገው ክርክር ከሁሉ የረዘመ ነው። ፓኪሴፋሎሶረስና ዘመዶቹ በራሳቸው አናት ላይ እንደ ጕልላት ያበጠ ወፍራም አጥንት አላቸው። ኤድዊን ኮልበርት በ1955 እንደ በግ አውራዎች እየተንደረደሩ ይጋጩ ነበር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ማርክ ጉድዊንና ጃክ ሆርነር ግን በ2004 የአናቱን አጥንት ሠንጥቀው በማጉሊያ መነጽር ተመልክተው፣ ለግጭት ይመቻል የተባለው ስፖንጅ መሳይ ክፍል በልጅነት ብቻ የሚታይና በዕድሜ የሚጠፋ ነው ብለው ተቃወሙ። ይህ ጉድዊን አገራችንንም ያውቃታል፤ በ1999 ከጓደኞቹ ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ፣ የሙገር ጭቃ ድንጋይ በሚባለው የምድር ንጣፍ ስለ ተገኙ የዳይኖሰር ዘመን እንስሳት ጽፏል። ወደ ክርክሩ እንመለስ። በ2011 ኤሪክ ስናይቭሊና ጄሲካ ቴዎዶር የእነዚህን ዳይኖሰሮች የአንዱን ራስ ቅል ከዱር በግና ከሚዳቋ ወገን ራስ ቅል ጋር በራጅና በኮምፒዩተር አወዳድረው ይጋጫል አሉ። በ2013 ጆሴፍ ፒተርሰንና ጓደኞቹ ስሌቱን ትተው ቍስል ቈጠሩ፤ ከ109 የአናት አጥንቶች ከመቶ 22ቱ ከጕዳት የመጣ የሚመስል ጠባሳ ነበረባቸው፤ ጠባሳውም የሚበዛው ከላይ በጕልላቱ ላይ ነው። ያልተጋጨ ራስ በዚህ ልክ አይቈስልም። ኮልበርት በግምት የተናገረው ከ58 ዓመት በኋላ በቍጥር ተደገፈ።

ከሁሉ ፈተና ያስደሰተን ግን በጣም ርካሹ ነው። አንድሩ ፋርክ የሁለት ትሪሴራቶፕስ ራስ ቅል ትንንሽ ሞዴል ሠራና እየገጣጠመ ቀንዳቸው በስንት መንገድ ሊቈላለፍ እንደሚችል አየ። በ2004 ውጤቱን ሲያወጣ፣ በእርግጥ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ከነበረ ቍስሉ በዚህና በዚህ ቦታ መገኘት አለበት ብሎ አስቀድሞ ተናገረ። ከዚያ በኋላ እርሱና ባልደረቦቹ ቤተ መዘክር ለቤተ መዘክር እየዞሩ እውነተኛውን አጥንት መረመሩ። ማመሳከሪያ እንዲሆናቸው ሴንትሮሶረስ የተባለውን፣ ከዐይኑ በላይ ረጅም ቀንድ የሌለውን ዘመዱን ጨመሩ። በ2009 እንዳሳዩት፣ ከአንገቱ በላይ እንደ ጋሻ የተዘረጋው አጥንት ጐንና ጐኑ በትሪሴራቶፕስ ላይ ከሴንትሮሶረስ ይልቅ እጅግ ብዙ ጊዜ ቈስሏል። መጀመሪያ ትንቢት፣ ቀጥሎ ፍለጋ፤ ቍስሉም በተባለበት ተገኘ። በ2021 በፓሪስ በሐራጅ የተሸጠው ትልቁ ጆን የተባለው ትሪሴራቶፕስም በዚያ ጋሻው ላይ ቀዳዳ አለው፤ ጣልያናውያን ሊቃውንት በ2022 አጥንቱን መርምረው ቀዳዳው መዳን የጀመረ ቍስል መሆኑን፣ የወጋውም ሌላ ትሪሴራቶፕስ ሳይሆን እንደማይቀር ጻፉ።

በዚህ ሁሉ ምርመራ ውስጥ ቀስ በቀስ አንድ ነገር ይገለጣል፤ የዕረፍት ሰዓቱ ክርክራችን ያላሰበው ነገር ነው። እኛ የምንጠይቀው የአንዱ ወገን ዳይኖሰር ሌላውን ያሸንፍ እንደ ሆነ ነው፤ አጥንቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ወንድማማች ጠብ ነው። ቲራኖሶረሶችና ዘመዶቻቸውም እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት ይናከሱ ነበር፤ በ2021 ኬሌብ ብራውንና ጓደኞቹ 202 የራስና የመንጋጋ አጥንቶችን መርምረው 324 ጠባሳ ቈጥረዋል፤ በትንንሾቹ ላይ ጠባሳው የለም፤ የሚጀምረው አካላቸው ሲጐለምስ ነው። በጅራቱ ጫፍ የአጥንት ዱላ የያዘው አንኪሎሶረስ ለሥጋ በል ጠላት የታጠቀ ነው ተብሎ ኖረ። ቪክቶሪያ አርበር በ2009 ኀይሉን አስልታ ትልቅ ዱላ አጥንት ሊሰብር እንደሚችል፣ ትንሽ ዱላ ግን እንደማይችል አሳየች። ይህቺው ሊቅ ከዴቪድ ኤቫንስ ጋር በ2017 ዙል የሚል ስም ያወጣችለት አንኪሎሶረስ ቆዳው ሳይቀር ተጠብቆ የተገኘ ነው፤ የስሙ ሁለተኛ ክፍል ትርጓሜ ቅልጥም አጥፊ ማለት ነው፤ የቲራኖሶረስን ቅልጥም ማለታቸው ነበር። በ2022 ግን የጐኑ እሾሆች ተሰብረው የዳኑ መሆናቸው ታየ፤ የተሰበሩትም የሌላ አንኪሎሶረስ ዱላ በሚያርፍበት በዳሌው ዙሪያ ብቻ ነው። ቅልጥም አጥፊው በመጀመሪያ የዘመዱን ጐን ይመታ ነበር።

ቢሆንም በናይት ሥዕል ላይ የተፋጠጡት የሁለቱ ጠብ ፈጽሞ ተረት አይደለም። ጆን ሃፕ በ2008 ስለ አንድ የትሪሴራቶፕስ ራስ ቅል ጽፏል። ከዐይኑ በላይ ካሉት ቀንዶች አንዱ ተሰብሯል፤ በተሰበረውም ላይ የቲራኖሶረስ ጥርስ ምልክት አለ፤ የአንገቱ ጋሻም ተነክሷል። ነገር ግን የሞተ አጥንት አይድንም፤ ይህ አጥንት ግን ድኗል፤ በቀንዱ ስብራት ላይ አዲስ አጥንት አብቅሏል። ያ ትሪሴራቶፕስ ከቲራኖሶረስ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ቀንዱን አጣ፤ ከዚያም በእግሩ ሄዶ ብዙ ጊዜ ኖረ።